የሚስ ዶረቲን ወለል ከውሃ ያዳንኩት እኔ ነኝ

ልጅ እያለሁ፣ ገና በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ባለ ሰርተፊኬት ኤክስፐርት «ሞቷል፣ ይነቀል» ብሎ የፈረደበትን የመቶ ዓመት ወለል በምላሴ አድኛለሁ። አፈ ጮሌ ነበርኩ ማለቴ አይደለም፤ ይሄው ሽሮ የምልስበት ምላሴ ነው ሥራውን የሠራው። አውቃለሁ፣ አታምኑኝም። ግድ የለኝም። እናንተ ምን ምን እንደምታምኑ አይቻለሁ፤ እንጨት የሚመስል ፕላስቲክ ሳሎናችሁ ላይ አንጥፈው «ሃርድውድ ነው» ሲሏችሁ አምናችኋል። ሶ፣ ቁጭ በሉና ስለ እውነተኛ ወለል ልንገራችሁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ናቸው። ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባለው ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት፣ እኔና እማዬ ብቻ። የዚያን ጊዜ ልጆች ታስታውሱታላችሁ፤ ማታ ማታ ደረጃውን ስትወጡ የአንዱ ቤት ቁሌት፣ የሌላው የዓሣ መረቅ፣ የሦስተኛው የበቆሎ ቂጣ ተደባልቆ ይቀበላችኋል። ፓርኪንጉ ውስጥ የአሥር አገር ልጅ አንድ ኳስ ያሳድዳል። ኳሷ መኪና ሥር ስትገባ ሁላችንም በየቋንቋችን እንሳደባለን፣ ማንም ማንንም ስለማይሰማ ማንም አይጣላም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ለኔ ኳስ የለም። እማዬ ከዳላስ ወጣ ብላ ያለች ማኪኒ የምትባል ከተማ ሄዳ የሚስ ዶረቲን ቤት ታጸዳለች፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ሰመር ላይ ትምህርት ሲዘጋ ማክሰኞም ይጨመርብኛል።

የሚያደርሰን ጋሽ ተሾመ ነበር፣ ከኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖር ታክሲ ነጂ። የመኪናው ወንበር የዳላስ ፀሐይ ሲያገኘው ቁምጣ የለበሰ ልጅ ጭን እንደ ጥብስ ያንጨረጭራል። ጋሽ ተሾመ አዲስ አበባ እያለ የትልቅ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ ይላል፤ ስለዚህ የማያውቀው ነገር የለም። ስለ ጨጓራ ያውቃል፣ ስለ ኢሚግሬሽን ያውቃል፣ የቴክሳስ ገዥ ምን እንዳጠፋ ያውቃል። የራሱ መኪና ኤሲ ለምን እንደማይሠራ ብቻ አያውቅም። እማዬ ታከብረው ነበር። እኔ ግን አላከብረውም ነበር፤ ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ጥፍሩን መሪ ላይ ሲነክስ አይውልም ብዬ ደምድሜ ነበር።

ሚስ ዶረቲ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ መርፌ የመሰሉ ቀጭን ሴት ናቸው። ብቻቸውን የሚኖሩበት የእንጨት ቤት አያታቸው ያሠሩት ነው፤ ጣሪያው ሹል፣ በረንዳው እንደ ዳንቴል በተፈለፈለ እንጨት የተከበበ። ከፊት ለፊት በር ጀምሮ እስከ ደረጃው ድረስ ረጅም ኮሪደር አለ፣ እሱ ላይ ቡናማ የፕላስቲክ ምንጣፍ ተለጥፏል። አንድ ቀን የምንጣፉ ጫፍ ተነሥቶ አዩና እኔን ጠርተው፣ «ለእናትህ ንገራት፣ ትንሽ ልጅ ሳለሁ እዚህ ሥር ኮከቦች ነበሩ» አሉኝ። አስተረጎምኩ። እማዬ አየቻቸውና፣ «አርጅተዋል፣ ምስኪን» አለች።

ምንጣፉን አነሣነው። ሥሩ ጥቁር ሙጫ ነው፣ እንደ ሬንጅ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ በምላጭ ፋቅን። ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የተቃጠለ ጎማና የአሮጌ ሣጥን። ከሙጫው ሥር ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ኮከቦቹ ነበሩ! ቀይ፣ ጥቁር፣ የቅቤ ቀለም፤ ትናንሽ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን ሸክላዎች እየተገጣጠሙ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ይሠራሉ። ከእንግሊዝ አገር በመርከብ የመጣ ነው አሉ ሚስ ዶረቲ። እማዬ ተንበርክካ በእጇ ዳሰሰችውና፣ «ማቶኔላ ነው እንዴ! ይሄንንማ አውቀዋለሁ» አለች። ጥፋቱ የጀመረው ከዚያች ዓረፍተ ነገር ነው።

አጣጠባችንን ታውቁታላችሁ። እኛ ወለል አንወለውልም፣ እናሰምጣለን። አንድ ባልዲ ውሃ፣ አንድ እፍኝ ዱቄት ሳሙና፣ በረኪና እስኪያስነጥስ ድረስ፤ ከዚያ ያንን ሁሉ ቸለስ አድርጎ በመጥረጊያ እየገፉ በበሩ ማስወጣት። ከዚያ ሁለተኛ ባልዲ። ሦስተኛ ባልዲ። እማዬ «ውሃ ያልወረደበት ቤት ታጠበ አይባልም» ትል ነበር፤ የሷ እናትም ትል ነበር፣ የሷም እናት። በዚያ ቀን ኮሪደሩ መስታወት ሆነ። ሚስ ዶረቲ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የጎረቤት ሴቶችን ጠርተው አሳዩ። በዚያው ሳምንት በዚያች ጎዳና ሦስት ቤት እማዬን ፈለጋት፣ ሁሉም በሚስ ዶረቲ ቃል።

ማክሰኞ ስንመለስ ኮከቦቹ የሉም። ወለሉ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል። እማዬ «አልለቀለቅኩትም መሰለኝ» ብላ እንደገና አጠበች፣ በእጥፍ ውሃ። መስታወት ሆነ። ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ ዱቄቱ ወፍሮ ጠበቀን፣ በጥፍር ስትጭሩት የሚነሣ። እንደገና አጠበች። እንደገና ነጣ። ጋሽ ተሾመ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሲሰማ፣ «ሎሚ!» አለ። «ሆቴል እያለሁ ነጭ ነገር ሁሉ በሎሚ ነው የምናስለቅቀው።» በሚቀጥለው ማክሰኞ አንድ ከረጢት ሎሚ ይዞ ገባና አንዱን ጥግ ላይ ጨመቀበት። መጋጠሚያው እንደ አምቦ ውሃ ተንጫጫ፣ ከዚያ ጉድጓድ ሆነ። ጋሽ ተሾመ ሎሚውን ኪሱ ከቶ፣ «የአሜሪካ ሎሚ ስለሆነ ነው» ብሎ ወጣ።

ሚስ ዶረቲ ኤክስፐርት ጠሩ። መጣላችሁ፤ በቫን፣ ስሙ ደረቱ ላይ የተጠለፈ ሸሚዝ ለብሶ፣ ወገቡ ላይ ስድስት ዓይነት መለኪያ አንጠልጥሎ። ሳይንበረከክ፣ በእጁ ሳይነካ፣ ከነቦቲው ኮከቡ ላይ ቆሞ በጫማው ጫፍ ጫር ጫር አደረገ። ዛሬም ንቀቴ አልወጣልኝም። ሐኪም በሽተኛን በእግሩ ሲመረምር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ ተናገረ። እማዬ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አለ?»

«ወለሉ ትንሽ ታሟል አለ።»

«ዳኒ፣ አፉን አይቼዋለሁ። ያለውን ንገረኝ።»

ነገርኳት። ሠራተኛዋ በበረኪና አቃጥላዋለች፣ ወለሉ ሞቷል፣ ይነቀልና አዲስ ይነጠፍ ነው ያለው። የሚመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰኞ ነው፣ እስከዚያ ሥራ ይዟል። ሚስ ዶረቲ አልተቆጡም። ያ ነው የከፋው። በቴክሳስ ትሕትና ፈገግ ብለው፣ ወለሉ ከተነቀለ በኋላ ለጊዜው ሰው አያስፈልገኝም አሉ። የእማዬን ስም በዚያ ጎዳና ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ከተዉዋት ሦስቱም ቤቶች እንደሚተዉዋት ልጅ እንኳን ይገባዋል። እማዬ እስከ ዳላስ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሃይዌዩን ታያለች። ጋሽ ተሾመ ብቻ «ሰውዬው ሎሚውን አላየም አይደል?» አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማዬ ወጥ ቤቱን ስታጸዳ እኔ ሰልችቶኝ ኮሪደሩ ላይ በካልሲ መንሸራተት ጀመርኩ። ከበሩ ተንደርድሮ እስከ ደረጃው። በአሥረኛው ምልልስ ካልሲዬ ነጭ ሆኗል፣ የተንሸራተትኩበት መስመር ላይ ደግሞ ኮከቦቹ ወጥተዋል። በውሃ የማይለቀው ነገር በደረቅ ካልሲ ለቀቀ! ተቀመጥኩና ዱቄቱን በጣቴ አነሣሁ። አሸተትኩት፣ በረኪና አይሸትም። ከዚያ ኤክስፐርቱ በሕይወቱ የማያደርገውን ነገር አደረግኩ። ቀመስኩት።

ጨው ነው።

«እማዬ! ጨው ነው! ወለሉ ጨው ያወጣል!»

«ምላስህን በሳሙና ታጠብ!» አለች ከወጥ ቤት። ከዚያ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «ጨው?» አለች ቀስ ብላ። «እንስራም እኮ ጨው ያወጣል። ውሃ ሲሞላ ከውጭ ነጭ ያላብበዋል። ባዶውን ፀሐይ ላይ ስንደፋው ይተዋል።» ተያየን። ሳይንሱ ያቺው ናት። ከሸክላው ሥር ያለው ኖራና አሸዋ ውሃ በጠጣ ቁጥር ጨው ይተፋል፤ እኛ ደግሞ በየሳምንቱ ባልዲ ሙሉ ስናጠጣው ከርመናል። ወለሉ አልሞተም። ጠግቦ ነው። የሚያስፈልገው ጾም ነው።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ወለሉን ማዳን ቀላል ነው፤ አለማጠብ ብቻ ነው። አንድ የኛን አገር ሴት የቆሸሸ ወለል ፊት አቁማችሁ «አትጠቢ» በሉ እስቲ! እማዬ የሳምባ በሽታ ይዞሻል ቢሏት ይቀላት ነበር። እኔ በጫማ ብሩሽ ዱቄቱን በደረቁ አነሣለሁ፣ በቫኪዩም እስበዋለሁ፣ ሚስ ዶረቲን ጠይቄ ሁለት ቬንቲሌተር ቀንና ሌሊት አስነፍስበታለሁ። እሷ በጓዳ በኩል ስታልፍ ወለሉን ታይና እጇን ታሻሻለች፣ ልክ ሲጋራ እንዳቆመ ሰው። «እንደው ጥቂት እርጥብ ጨርቅ ብቻ...» ትላለች። «አይሆንም» እላለሁ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ እናቴን የምከለክልበት ነገር ማግኘቴን ታውቁልኛላችሁ? እንደ ኮሎኔል ነበር የምንጎራደደው።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ስንገባ ወለሉ ሁሉ ሊነጻ ደርሷል፣ ከአንድ ቦታ በስተቀር። በሩ አጠገብ ነጭ ግማሽ ጨረቃ ወጥቷል። በኮምፓስ የተሣለ ነው የሚመስለው፣ ልክ አንዲት የተንበረከከች ሴት ክንዷን ግራና ቀኝ የምታዞርበትን ያህል።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ጨረቃው።»

«እኔ ምን አውቄ።» ዞር አለች።

«ቅዳሜ እኔ ሽንት ቤት ስገባ ነው አይደል?»

«አንተ ልጅ፣ የወለድኩህ እኔ ነኝ ወይስ አንተ ነህ የወለድከኝ? ጭቃ ነበረበት! የፖስተኛው እግር! ዝም ብዬ ልየው?» ከዚያ አለቀሰች። ደንግጬ ብሩሹን ጣልኩት። «ቆሻሻ ወለል ትቼ መውጣት አልችልም» አለች። «ሴትዮዋ ዝርክርክ ናት ብለው ቢያስወጡኝስ? ታጥቦ ቢያስወጡኝ ይሻለኛል።» እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለኔ ጨዋታ ነበር፤ ለሷ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ኮሎኔልነቴን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ጨረቃውን ሁለታችንም በደረቅ ብሩሽ አነሣነው። ከዚያ በኋላ ውሃ አልነካችም። ቢያንስ ሌላ ጨረቃ አልወጣም።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ጨው የለም፣ ግን ወለሉ አመድ የለበሰ አህያ መስሏል፤ ደረቅ፣ ድብዝዝ ያለ። ሰውዬው ሰኞ መዶሻውን ይዞ ይመጣል። ሚስ ዶረቲ ከጓዳ የወለል ሰም አወጡልን። እኔና እማዬ ተንበርክከን በጨርቅ ማሸት ጀመርን። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያበራነው የአንድ ትሪ ያህል ነው። ጉልበቴ አልቋል፣ የእማዬ ወገብ አልቋል። ጋሽ ተሾመ ሊወስደን መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። ምክር ሊሰጥ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

እሱ ግን ወደ መኪናው ተመለሰና ከኋላው ዕቃ መጫኛ የሱፍ ብርድ ልብስ አመጣ። ለሦስት ቀደደው። ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ ሱሪውን ወደ ላይ ጠቀለለ፣ እግሮቹን በብርድ ልብሱ ቁራጭ ላይ አደረገ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ተንቀሳቀሰ። ወገቡ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ እንደ ሰዓት ፔንዱለም፣ ወደ ኋላ እየሄደ፣ ያበራውን መልሶ ሳይረግጥ። ጥጉ ጋ ሲደርስ በአንድ ተረከዝ ዞር ብሎ በሌላው ጣቶች ጥጉን ይፈለፍለዋል። ካለፈበት ኋላ ቀዩ ቀይ፣ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይነሣል። እንዲህ ያለ እግር በአንድ ቀን አይመጣም። ሥራ አስኪያጅ ደግሞ እንዲህ ያለ እግር የለውም።

እማዬ ጨርቋን አስቀምጣ በለሆሳስ፣ «ጋሽ ተሾመ፣ ሆቴሉን ስንት ዓመት ወለወልከው?» አለችው።

«አሥራ አንድ» አለ፣ ሳያቆም።

ማንም አልሳቀም። እኔ እንኳን አልሳቅኩም፤ የምስቅበትን ነገር ስጠብቅ ከርሜ አልመጣልኝም። ጋሽ ተሾመ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምን ታፈጣለህ? አንዱን ቁራጭ ውሰድና ተከተለኝ፣ ጉልበትህን አላላ፣ እንደ ዳክዬ አትሂድ» አለኝ። ተከተልኩት። አራት ጊዜ ወደቅኩ። ፀሐይዋ በበሩ መስታወት በኩል ስትገባ ሦስት ሰዎች፣ አንዷ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ኮከብ ላይ ወደ ኋላ ሲንሸራተቱ ሚስ ዶረቲ ደረጃው ላይ ተቀምጠው በመዳፋቸው ጭናቸውን እንደ ከበሮ ይመቱልን ነበር።

ሰኞ ዕለት መሄድ አልነበረብንም። እማዬ ግን «ከቀረሁ ሸሸች ይባላል» ብላ ሄድን። ሰውዬው ከነመዶሻው መጣ። ሚስ ዶረቲ በሩን ከፍተው፣ «ቦቲህን አውልቅ» አሉት። አወለቀ። የካልሲው አውራ ጣት ቀዳዳ ነበር፣ እግዜር ይመስገን ይሄንንም አየሁ። አሁን ተንበረከከ። አሁን በእጁ ነካው። ማን ሠራው አለ። ሚስ ዶረቲ በአገጫቸው ወደ እማዬ አመለከቱ። ምን ኬሚካል ነው የተጠቀምሽው ብሎ ጠየቃት። ለማስተርጎም አፌን ስከፍት እማዬ በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ቀና ብላ ቆመችና በራሷ እንግሊዝኛ፣ «ኖ ዋተር» አለችው። ሌላ ነገር ቢጠብቅ የለም። የሙያ ምስጢር የደበቀችው መስሎት ቢዝነስ ካርዱን ትቶላት ሄደ።

ሚስ ዶረቲ ይቅርታ አልጠየቁም። እሳቸው እንደዚያ ዓይነት ሰው አልነበሩም። ግን እኔና እማዬ እስከዚያ ቀን የምንገባው በጓሮ፣ በወጥ ቤቱ በር ነበር። በዚያ ቀን የፊት ለፊቱን በር ቁልፍ ከቀለበታቸው አውጥተው በእማዬ መዳፍ ላይ አደረጉ፣ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፉላት። ከዚያ ወዲህ እስኪያርፉ ድረስ ለዘጠኝ ዓመት እማዬ ጫማዋን በረንዳው ላይ እያወለቀች በኮከቦቹ ላይ ነው የገባችው። ሦስቱም ቤቶች አልተዉዋትም። አራተኛ ተጨመረ።

አሁን ማኪኒ ሂዱና እዩ። በቆሎ የነበረበት ሁሉ ቤት ሆኗል፤ በሦስት ወር የሚበቅል ቤት፣ በሦስት ቀን የሚነጠፍ ወለል። ጓደኞቼ ይጠሩኝና «ና እየው!» ይሉኛል። አየዋለሁ። ፎቶ የተነሣ እንጨት ነው። በላዩ ላይ አንዲት ክብ ማሽን እንደ ሰከረ ጥንዚዛ ግድግዳ እየገጨች ትዞራለች፣ ባለቤቱ ሶፋ ላይ ሆኖ በስልኩ ያዛታል። በዚያ ወለል ላይ ማንም ተንበርክኮ አያውቅም፤ አይንበረከክምም። እኔ ያለ አንድ ሰርተፊኬት በብሩሽና በብርድ ልብስ ቁራጭ የአሮጌ ቤት ወለል ሳስነሣ ይሄው ጸጉሬ ሸበተ፤ ሰው አሁንም ኮል አድርጎ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ምን ማሽን እንዳለኝ ነው።

እማዬ አሁን ሪቻርድሰን ከተማ የእኅቷ ልጅ ጋ ናት። ጉልበቷ አይታጠፍም። እዚያም ያው ፕላስቲክ ነው፣ ውሃ አይጎዳውም፣ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ባልዲዋን ሞልታ ያለ ከልካይ ትደፋበታለች። አንድ ቀን ስታጥብ ደረስኩና በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ጨርሳ መጥረጊያዋን ተደግፋ ወለሉን ስታየው ቆየችና፣ «ይሄ ምንም አይልም» አለች። «ብበድለውም ዝም፣ ባለፋለትም ዝም።»

አሁንም አላመናችሁም አይደል? ኦኬ፣ ሂዱና ጠይቁ። እማዬን ብትጠይቋት «እኔ ነኝ ያዳንኩት፣ ልጁማ ሲንሸራተት ነበር» ትላችኋለች። ጋሽ ተሾመን ጠይቁት፣ ዛሬ ሰማንያ ሊሞላው ነው፣ በየሠርጉ የሚያወራው ይሄንኑ ነው፤ «እነሱ ጨርቅ ይዘው ሲያለቅሱ እኔ ደረስኩላቸው» ይላችኋል። ሁለቱም ዓይናቸውን በጨው አጥበው ነው የሚዋሹት። ስለዚህ ለየብቻ እንዳትጠይቋቸው። አንድ ሶፋ ላይ አስቀምጧቸውና ጠይቋቸው። አንዱ ሲጨምር አንዱ ይቀንስበታል፣ አንዱ ሲደብቅ አንዱ ያወጣበታል፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ ተከራክረው ሲጨርሱ ሳይነካ የተረፈው ታሪክ ይሄ የኔው ነው። ሂዱ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?